በዕድሜ የሚመጣ የአንገት ኅብለ ሰረሰር ሕመም፤ የሰባ ዓመት ምርምርና የቀረው ሥራ



ዕድሜው ከኀምሳ ያለፈ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያስቸግረው፣ የቡና ስኒ ከእጁ ሲያመልጠው፣ በጨለማ ሲራመድ እግሩ መሬት የረገጠ አልመስለው ሲል፣ ነገሩን በመጀመሪያ የሚያሳብበው በዕድሜው ነው። ቤተ ዘመዱም «እርጅና መጣ» ብሎ ያጽናናዋል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ሐኪም ቢሄድም የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ሪህ ነው፣ የስኳር በሽታ ያመጣው የነርቭ ድካም ነው፣ ወይም በእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ተጣቦ ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ሲሆን በአንገቱ ውስጥ ያለው ኅብለ ሰረሰር እየተጫነና እየሳሳ፣ መልሶ የማያገኘውን ነገር እያጣ ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ በሽታ ግን ማንም ሳይደብቀው ራሱን የሚደብቅ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ዲጄነሬቲቭ ሰርቫይካል ማዮሎፓቲ ስለተባለው፣ ማለትም የአንገት አከርካሪ በዕድሜ ብዛት ሲያረጅ በኅብለ ሰረሰር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ የዓለም ምርምር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንዳመራ ማሳየት ነው። ጉዞው በአጭሩ ሲገለጽ፣ «በየት በኩል ይቀደድ?» ከሚለው ጥያቄ ወደ «መቼ ይታወቅ?» ወደሚለው ጥያቄ የተደረገ ሽግግር ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ማስታወስ ይገባል።

የሕመሙ አመጣጥ

ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርደውን ትእዛዝ፣ ከእጅና ከእግርም ወደ አንጎል የሚመለሰውን ስሜት የሚያስተላልፍ የነርቭ ገመድ ነው። መኖሪያውም በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ የሚገኘው ቦይ ነው። ይህ ቦይ በአንገት አካባቢ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ በጤነኛ ጎልማሳ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከ13 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ጠባብ ይባላል። እንግዲህ ለገመዱ የተሰጠው ትርፍ ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቈጠር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ዕድሜ ሲገፋ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃቸው ይደርቃል፤ ቁመታቸው ይቀንሳል፤ ወደ ኋላም ይወጣሉ። አጥንቱ ይህን ድካም ለመደገፍ በየጠርዙ ሹል እድገት ያበቅላል። ከኋላ ያለው ቢጫ ጅማት ይወፍርና ወደ ቦዩ ውስጥ ይታጠፋል። በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ ከፊት በኩል የሚወርደው ረጅም ጅማት ራሱ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። ከሁሉም በላይ አንገት የማይንቀሳቀስ ምሰሶ አይደለም። ቀና ሲሉ ቦዩ ይጠባል፤ ሲያጎነብሱ ገመዱ በአጥንቱ ሹል ላይ ይወጠራል። በየዕለቱ በሺህ የሚቈጠር እንቅስቃሴ በአንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጫናሉ፤ የነርቭ ጭራዎችን የሚሸፍነው የማይሊን ልባስ ይጎዳል፤ በመጨረሻም የነርቭ ሕዋሳቱ ራሳቸው ይሞታሉ።

ውጤቱ በእጅ፣ በእግርና በፊኛ ላይ ይታያል። እጅ ይደነዝዛል፤ ጥቃቅን ሥራ ይሳነዋል። እግር ይገትራል፤ ሚዛን ይጠፋል። ሕመሙ ሲጠና ሽንት መቈጣጠር ያዳግታል። ሐኪሙንም ታማሚውንም ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። አንገቱን ምንም ያላመመው ሰው ለእግሩ መጎተት ምክንያቱ አንገቱ ነው ቢሉት ለማመን ይቸገራል።

የጥናቱ ጅማሬ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ በአንገት ቦይ ውስጥ ወጥቶ የተገኘ ዲስክ ብዙ ጊዜ እንደ ዕጢ ይቈጠር ነበር። አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ባይሮን ስቱኪ በ1928 ኅብለ ሰረሰርን ስለተጫኑ እንዲህ ያሉ ሁኔታዎች ሲጽፍ የሰጣቸው ስም የልም አጥንት ዕጢ የሚል ነበር። ሚክስተርና ባር በ1934 በወገብ አካባቢ የሚወጣው ነገር ዕጢ ሳይሆን ዲስክ መሆኑን ካስረዱ በኋላ የአንገቱም ነገር በአዲስ ዓይን መታየት ጀመረ።

ዋናው መነሻ ግን በ1952 ራስል ብሬይን፣ ኖርዝፊልድና ዊልኪንሰን በእንግሊዝ አገር ያወጡት ጽሑፍ ነው። እነዚህ ሊቃውንት የአንገት አከርካሪ እርጅና በነርቭ ሥሮችና በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለይተው፣ ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አሳዩ። በ1956 ክላርክና ሮቢንሰን 120 ታማሚዎችን መርምረው፣ አብዛኞቹ ደረጃ በደረጃ፣ ማለትም ጥቂት ጊዜ ቆም እያሉ እንደገና ወደ ታች እየወረዱ እንደሚሄዱ ገለጹ። ሊስና ተርነር ደግሞ በ1963 ሕመሙ ለረጅም ዓመታት ሳይብስ ሊቆይ እንደሚችል አመለከቱ።

ከዚህ ላይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀው ክርክር ተነሣ። ሕመሙ ብቻውን ቆሞ የሚቆይ ከሆነ በአንገት ላይ ቢላዋ ማንሣት ምን ያስፈልጋል? ቆሞ የሚቆይ ካልሆነስ ሐኪሙ የሚጠብቀው ምንን ነው? ክርክሩን ለመፍታት ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር። አንደኛው ሕመሙን የሚለካ ሚዛን፣ ሁለተኛው ደግሞ ኅብለ ሰረሰሩን ሳይቀድዱ የሚያዩበት ዘዴ ነው።

የሚዛን ነገር

ኑሪክ በ1972 ያቀረበው ሚዛን በአካሄድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዜሮ እስከ 5 ባሉት ደረጃዎች፣ የነርቭ ሥር ምልክት ብቻ ካለበት ሰው ጀምሮ ከተሽከርካሪ ወንበር ወይም ከአልጋ መነሣት እስካቃተው ድረስ ያለውን ይመድባል። ሚዛኑ ቀላልና ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ስለ እጅ ምንም አይናገርም። በዚህ ሕመም ግን እጅ ብዙ ጊዜ ከእግር ቀድሞ ይናገራል።

የጃፓን የአጥንት ሕክምና ማኅበር በ1975 ያወጣው ሚዛን ይህን ጉድለት አስተካከለ። እግርን፣ እጅን፣ ስሜትንና ሽንትን ለየብቻ እየመዘነ በጠቅላላው 17 ነጥብ ይሰጣል። የእጅን ብቃት የሚለካው ታማሚው በጃፓን መመገቢያ ዘንጎች መብላት መቻሉን በመጠየቅ ነበር። ይህ ለሌላው ዓለም ስለማይሆን፣ ቤንዘልና ባልደረቦቹ በ1991 ዘንጉን በማንኪያና በሸሚዝ ቁልፍ ተክተው ሚዛኑን ወደ 18 ነጥብ አሻሻሉት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚሠራበት ይኸው ነው፤ ከ15 እስከ 17 ያገኘ ቀላል፣ ከ12 እስከ 14 ያገኘ መካከለኛ፣ 11ና ከዚያ በታች ያገኘ ከባድ ሕመም አለበት ይባላል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ትንሽ አይደለም። የእጅ ብቃት የሚለካው ሰው በየዕለቱ በሚሠራው ሥራ ነው። በዘንግ የማይበላ ሕዝብ በዘንግ እንደማይለካ ሁሉ፣ በማንኪያ የማይበላም በማንኪያ ብቻ ሊለካ አይገባውም። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ መጉረስ አውራ ጣትና ሌሎች ጣቶች ተስማምተው የሚሠሩት ረቂቅ ሥራ ነው። ለኢትዮጵያዊ ታማሚ «ጉርሻው ከእጅዎ ይበተናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኪያው ጥያቄ ይልቅ እውነቱን ሊያወጣ ይችላል።

ቢላዋው በየት በኩል?

የቀዶ ሕክምናው ጥበብ ከሚዛኑም ቀድሞ ገሥግሦ ነበር። ቀድሞ የታወቀው መንገድ ከኋላ ገብቶ የአጥንቱን ጣሪያ ማንሣት ሲሆን፣ ይህም አንዳንድ ጊዜ አንገትን ድጋፍ አሳጥቶ ወደ ፊት ያጎብጠው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በባልቲሞር ስሚዝና ሮቢንሰን፣ በሃዋይ ደግሞ ክላዋርድ፣ ከፊት በኩል ገብቶ ዲስኩን አውጥቶ አጥንት ከአጥንት ጋር ማያያዝን አስተዋወቁ። ክላዋርድ ስለ ዘዴው በ1958 የጻፈው ጽሑፍ በሙያው ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው።

ጃፓን በዚህ መስክ ልዩ ቦታ ያላት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ጹኪሞቶ የረጅሙን ጅማት ወደ አጥንትነት መለወጥ በአስከሬን ምርመራ ገልጾ ጻፈ፤ ሕመሙ በጃፓናውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት የሚታይ መሆኑም ታወቀ። በዚህ ዓይነት ሕመም አንድ ዲስክ ማውጣት አይበቃም፤ ገመዱ የሚጫነው በብዙ አጥንቶች ርዝመት ነውና። ሂራባያሺ በ1977 በቶኪዮ የጀመረው ዘዴ የአጥንቱን ጣሪያ አንሥቶ ከመጣል ይልቅ እንደ በር በአንድ ወገን ከፍቶ ቦዩን የሚያሰፋ ነው። የጃፓን ጥናት በዚያ አላበቃም፤ በ2014 የወጣ የዘር ጥናት ከዚህ የጅማት ሕመም ጋር የተያያዙ ስድስት የዘር ቦታዎችን አመልክቷል።

ከፊት ይሻላል ወይስ ከኋላ የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ቆይቶ በ2021 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በዕጣ ተፈተነ። 163 ታማሚዎች በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ወገን ከፊት፣ ሌላው ወገን ከኋላ ተቀደዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ በአካል ብቃት ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም፤ ከፊት በኩል የተቀደዱት ግን እንደ መዋጥ ችግር ያለ ጣጣ በብዛት ገጥሟቸዋል። ሰባ ዓመት የተከራከሩበት በር እንግዲህ ዋናው በር አልነበረም።

ምስልና ሕመም

ኤም. አር. አይ. የተባለው መሣሪያ በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ ሆስፒታል ሲገባ ኅብለ ሰረሰርን ሳይቀድዱ ማየት ተቻለ። ነገር ግን መሣሪያው አንድ ጥያቄ መልሶ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ቴሬሲና ባልደረቦቹ በ1987 የአንገት ሕመም ምልክት የሌላቸውን 100 ሰዎች ምስል ሲመረምሩ፣ ዕድሜያቸው ከ64 በታች ከሆኑት 16 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ 26 በመቶ በሚሆኑት ላይ ኅብለ ሰረሰሩ ተነክቶ አገኙት። ምስሉ መጫን መኖሩን ያሳያል፤ ሕመም መኖሩን ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

ቤድናዥክና ባልደረቦቹ በቼክ ሪፐብሊክ 199 እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ2008 አሳተሙ። በመጀመሪያው ዓመት 8 በመቶ፣ በጠቅላላው የክትትል ጊዜ ደግሞ 22.6 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ተገለጠባቸው። ይህ ቍጥር በሁለት ወገን መነበብ ይኖርበታል። በአንድ ወገን፣ ምስል ብቻ አይቶ ቢላዋ ማንሣት ስሕተት መሆኑን ያስተምራል፤ የሚበዙት በክትትሉ ጊዜ ጤነኛ ሆነው ቆይተዋልና። በሌላው ወገን፣ «ምንም የለብዎትም» ብሎ ማሰናበትም ስሕተት መሆኑን ያሳያል፤ ከአምስቱ አንዱ ተመልሶ ይመጣልና። በሁለቱ መካከል የሚዳኘው የሐኪሙ እጅና ዓይን ነው።

ዛሬ የኤም. አር. አይ. ምርምር የሚደክመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በነርቭ ገመዱ ውስጥ የውሃን እንቅስቃሴ የሚከታተሉና የማይሊኑን ብዛት የሚገምቱ ዘዴዎች፣ ገመዱ ምን ያህል ተጫነ ከሚለው አልፈው ምን ያህል ተጎዳ የሚለውን ለመመለስ ይሞክራሉ።

ቀዶ ሕክምናው በሚዛን ላይ

ካዳንካና ባልደረቦቹ በቼክ ሪፐብሊክ ያደረጉት በዕጣ የተከፈለ ጥናት በ2002 ሲታተም፣ ቀላልና መካከለኛ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ በተቀደዱትና ባልተቀደዱት መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ብዙ ሐኪሞችን «ቆይ እንይ» እንዲሉ አድርጓል።

በቶሮንቶው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማይክል ፌሊንግስ የተመሩ ሁለት ሰፊ ጥናቶች ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን አዘነበሉት። በ2013 የታተመው የሰሜን አሜሪካው ጥናት 278፣ ቀጥሎ የወጣው ዓለም አቀፉ ጥናት 479 ታማሚዎችን ያቀፉ ነበሩ። በሁለቱም ሕመማቸው ከባድ የሆነውም ቀላል የሆነውም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተሽሏቸው ታየ። የቀደመው እምነት ቀዶ ሕክምና መባባሱን ከማቆም አያልፍም የሚል ስለነበር፣ ይህ ግኝት ትልቅ ለውጥ ነበር። እርግጥ ነው፤ በጥናቶቹ ያልተቀደደ ማነጻጸሪያ ወገን አልነበረም። ያም ሆኖ በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መካከለኛና ከባድ ሕመም ያለባቸው እንዲቀደዱ፣ ቀላል ሕመም ያለባቸው ደግሞ ቀዶ ሕክምና ወይም ጥብቅ ክትትል ያለው የአካል ማገገሚያ እንዲሰጣቸው መክሯል።

ቢላዋን በመድኃኒት ለማገዝም ተሞክሯል። ሪሉዞል የተባለው መድኃኒት በ300 ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2021 ሲታተም፣ ከቀዶ ሕክምና ጋር ቢሰጥ በስድስት ወር የሚዛን ነጥብ ላይ የጨመረው ጥቅም አልታየም። ከዚያም በካምብሪጅ ኢቡዲላስት የተባለ ሌላ መድኃኒት እንዲፈተን ጥናት ተነድፏል። እስካሁን ግን የሞተውን የነርቭ ሕዋስ የሚያስነሣ አልተገኘም።

ከእነዚህ ሁሉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ብቅ የሚለው አንድ እውነት ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚያስገኘው ውጤት ሕመሙ ከመታወቁ በፊት በቆየበት ጊዜና በደረሰበት ደረጃ ይወሰናል። ምልክቱ በታየ በስድስት ወር ውስጥ የተረዳ ሰው በዓመቱ ከተረዳው ይልቅ የማገገም ተስፋው የሰፋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በኅብለ ሰረሰር ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ስምና የታማሚው ድምፅ

ታዲያ የሚያዘገየው ምንድን ነው? ቤርባልክና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ምልክቱ ከጀመረ አንሥቶ ሕመሙ በትክክል እስኪታወቅ ድረስ በአማካይ 2.2 ዓመት አልፏል። ከታማሚዎቹ 43 በመቶ የሚሆኑት አስቀድሞ የተነገራቸው በእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ተጣቦ ነው የሚል ነበር። መሣሪያ ሞልቶ በተረፈበት አገርም መዘግየት የጋራ ችግር መሆኑን ሌሎች ጥናቶችም ያረጋግጣሉ።

ከምክንያቶቹ አንዱ የስም ብዛት ነው። አንዱ ስፖንዲሎሲስ፣ ሌላው የቦይ መጥበብ፣ ሌላው የጅማት ወደ አጥንትነት መለወጥ፣ ሌላው የዲስክ መውጣት እያለ ሲጽፍ፣ አንዱ ሕመም በብዙ ስም ተበታትኖ ቆየ። በ2015 ፌሊንግስና ባልደረቦቹ ሁሉንም በአንድ ጥላ ሥር የሚሰበስበውን ስም አቀረቡ። ከዚያም ሪኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥረት ቀዶ ሐኪሞችን፣ ሌሎች የጤና ባለሙያዎችንና ታማሚዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አሰባስቦ ስሙን አጸደቀ፤ ለምርምር የሚገቡትን ዐበይት ጥያቄዎችም በቅደም ተከተል አወጣ።

ታማሚዎች በተጠየቁ ጊዜ በቀዳሚነት የመጣው ጥያቄ የቢላዋው አቅጣጫም የመድኃኒቱ ዓይነትም አልነበረም። ሐኪሞችና ሕዝቡ ይህን ሕመም እንዲያውቁትና በጊዜው እንዲደረስበት ምን ይደረግ የሚል ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ሊቃውንት ሲጠያየቁ የቆዩትን ታማሚው በአንድ ቃል ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰው።

የኢትዮጵያ ሐኪምና ይህ ሕመም

በዚህ መስክ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛው ከአሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከቻይና፣ ከካናዳና ከአውሮፓ የሚወጣ ነው። ይህ ማለት ግን ኢትዮጵያ በኅብለ ሰረሰር ሕመም ጥናት የራሷ ታሪክ የላትም ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ጓያ በመብላት የሚመጣውን የእግር ሽባነት ለዓለም አስታውቋል። ጥናቱ የተመሠረተው በውድ መሣሪያ ሳይሆን በየመንደሩ ገብቶ፣ ጠይቆና መርምሮ፣ የጓያን ሽባ ከሌላው ሽባ በመለየት ላይ ነው። የጓያ ሽባነት ደረጃ የሚለካውም ያለ ምርኩዝ፣ በአንድ ምርኩዝ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ በመዳህ እየተባለ ነው። ኑሪክ በለንደን በአካሄድ ከለካው ጋር ያለው ዝምድና የሚያስደንቅ ነው።

በኢትዮጵያ እግሩ ገትሮ የሚመጣ ሰው ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የአከርካሪ ቲቢ፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ ኤች. አይ. ቪ.፣ ዕጢ፣ ጓያ ሁሉም ሊታሰቡ ይገባል። ነገር ግን መለያዎች አሉ። ጓያ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱን የሚይዝ፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚገለጥ፣ እግርን አገትሮ እጅንና ስሜትን ባመዛኙ የሚተው ነው። የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ጊዜ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የአከርካሪ መጉበጥ አብሮት ይመጣል። የአንገት ማዮሎፓቲ ግን ዕድሜው የገፋውን ሰው በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ የሚይዝ፣ እጅንና እግርን በአንድነት የሚነካ ነው። እግሩ የገተረ ታማሚ እጁም ከደነዘዘ ዓይን ወደ አንገት መመለስ አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊገኝ ይችላል። የሪፍሌክስ መዶሻ አለ። የሰዓት መቍጠሪያ አለ። ኦኖና ባልደረቦቹ በ1987 እንደገለጹት፣ ጤነኛ ሰው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ጣቶቹን 20 ጊዜና ከዚያ በላይ መጨበጥና መዘርጋት ይችላል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ያጠራጥራል። የመካከለኛውን ጣት ጥፍር ቀንጠብ ሲያደርጉት አውራ ጣት ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት የሆፍማን ምልክት፣ የእግር መዳፍ ሲጫር አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሚነሣበት የባቢንስኪ ምልክት፣ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ በቀጥታ መሥመር መራመድ፣ እነዚህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጁም። እርግጥ ነው፣ ምልክቶቹ ባይገኙም ሕመሙ የለም ማለት አይቻልም፤ ሲገኙ ግን ታማሚውን «ይሻልዎታል» ብሎ ማሰናበት አይፈቀድም።

ሌላም ነገር አለ። እግሩ የከዳው ሰው ከሐኪሙ በፊት ወጌሻ ዘንድ ሊሄድ ይችላል። ወጌሻ በአገሩ የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን ኅብለ ሰረሰሩ የተጫነበትን አንገት በኀይል ማሸትና መጠምዘዝ አደጋ ያመጣል። ይህን ምክር ለሕዝቡም ለወጌሻውም በአክብሮት ማድረስ የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው።

የነርቭ ቀዶ ሕክምና ልዩ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ባለሙያዎች ጋር በመተባበር በ2006 ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሥራ በአገር ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች ሠልጥነዋል። ሆኖም የሠለጠነው እጅ የሚጠቅመው ታማሚው በጊዜው ሲደርስለት ነው። ከወረዳ ጤና ጣቢያ እስከ ቀዶ ክፍል ያለው መንገድ የሚጀምረው ከቀዶ ሐኪሙ ሳይሆን ታማሚውን መጀመሪያ ካየው ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል፣ የሰባው ዓመት ምርምር ሦስት ነገር አረጋግጧል። አንደኛ፣ ይህ ሕመም ከእርጅና ጋር ቢመጣም እርጅና ብቻ አይደለም፤ ስም፣ ሚዛንና ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ሁለተኛ፣ ምስል ያለ ምርመራ ያሳስታል፤ የሚያስተማምነው የታማሚው ቃል፣ የሐኪሙ ምርመራና ምስሉ ሲስማሙ ነው። ሦስተኛ፣ ከፊት ከኋላ ከመባባል ይልቅ ዘግይቶ ከመድረስና ቀድሞ ከመድረስ የሚመጣው ልዩነት ይበልጣል።

በኢትዮጵያ ይህ ሕመም በየትኛው ዕድሜ፣ በየትኛው ሥራና በምን ያህል መዘግየት ወደ ሆስፒታል እንደሚደርስ መመዝገብ ለማኅበሩ አባላት ክፍት የሆነ የምርምር መስክ ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የታማሚው ምልክት የጀመረበት ቀን፣ መጀመሪያ የታየበት ቀን፣ የተሰጠው የመጀመሪያ ስምና በትክክል የታወቀበት ቀን በካርዱ ላይ ቢጻፍ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ የመዘግየት ቍጥር ከኢትዮጵያ መዝገብ ይወጣል። ቍጥሩ ከታወቀ በኋላም የሚያሳጥረው አይጠፋም።

ነገ በተመላላሽ ክፍል ከሐኪሙ ፊት የሚቀመጠው ሽማግሌ ቁልፉ ስለማይቆለፍለት ልጁ ቆልፎለት የመጣ ሊሆን ይችላል። «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ መጠየቅና እጁን ለ10 ሴኮንድ ማስጨበጥ ብቻ የዚያን ሰው ቀሪ ዕድሜ በእግሩ የሚሄድበት ወይም በሰው ትከሻ የሚሄድበት ሊያደርገው ይችላል።